የእፅዋት ኤክስትራክት ደምን ከእርሳስና ከኬሚካል ይጠብቃል የሚባለው እውነት ነው?

ቀለም ፋቂው
ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ የቆየ ቀለም መፋቅና እንደገና መቀባት ነው። አቧራው አይጣል ነው፤ የቆየ ቀለም ውስጥ ደግሞ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ማዕድን) ሊኖር ይችላል። ቲነሩ ደግሞ እስከ ማታ ከአፍንጫዬ አይወጣም። ሰሞኑን አንድ ጥናት አነበብኩ፤ እርሳስ ያጠጧቸው አይጦች ደማቸው ወረደ፣ የሺፈራው ቅጠል ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር) አብሮ የተሰጣቸው ግን ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አልወረደም ይላል። ከዚያ በኋላ ፍለጋውን ማቆም አቃተኝ። እርድም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ አረንጓዴ ሻይም ደምን ከብክለት ይጠብቃሉ ተብሎ ተጽፎላቸዋል። የማይጠብቅ ተክል ያለም አይመስልም። ጥያቄዬ ቀጥተኛ ነው። ቀቅዬ ብጠጣ ይሠራል? ስንት ልጠጣ? «ሐኪም አማክር» ብቻ ብላችሁ የምትሄዱ እባካችሁ እለፉኝ።

ሥራስር
ይሠራል እንጂ ልጄ። እኔ በዕፅዋት ነገር ዕድሜዬን ነው የፈጀሁት። ቅጠል ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት መርዙን ያበርደዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ ጠጣው። ተፈጥሮ ስለሆነ ባይጠቅምህ እንኳ አይጎዳህም።

ማይክሮስኮፕ
ጋሼ ሥራስር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው ላይ አልስማማም። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ደሙ ላይ የሚሆነውን ነገር እንይ፤ ያ ካልገባን ቅጠሉ የቱ ጋ እንደሚሠራ ማወቅ አንችልም።

ቀይ የደም ሴል ምስኪን ሴል ነው። ኒውክለስ የለውም። ማይቶኮንድሪያ የለውም። ሲበላሽ አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ራሱን አይጠግንም፤ ይዞት በወጣው ዕቃ 120 ቀን አካባቢ ይኖራል፣ ከዚያ ይወገዳል። በዚህ ላይ ሆዱ ውስጥ ወደ 270 ሚሊዮን የሄሞግሎቢን ሞለኪውል ይዟል፤ ማለትም ብረትና ኦክስጅን አንድ ላይ ታጭቀው ነው ያሉት። ብረትና ኦክስጅን ባሉበት ደግሞ ፍሪ ራዲካል (ሴል የሚያበላሽ ያልተረጋጋ ሞለኪውል) አይጠፋም። መከላከያው ግሉታታዮንና ጥቂት ኢንዛይሞች ናቸው። እነሱን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል የሚመጣው በአብዛኛው ጂ6ፒዲ በሚባል አንድ ኢንዛይም በኩል ነው።

እርሳስ ሲገባ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ መቅኔ ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚሠሩትን ኢንዛይሞች ይይዛል። አላድ የሚባለውን ያፍናል። መጨረሻ ላይ ብረቱን ቦታው የሚያስገባውን ፌሮኬላቴዝንም ያደናቅፋል። ብረቱ ሳይገባ ሲቀር ዚንክ ይገባበታል፤ ዚንክ ፕሮቶፖርፊሪን የሚባለው ምርመራ የሚለካው ይሄንን ነው። ሁለተኛው፣ ግሉታታዮንን ይይዝና ሴሉን መከላከያ ያሳጣዋል፣ ሽፋኑ ይጎዳል፣ ዕድሜው ያጥራል።

አንቲኦክሲዳንት ቢረዳ የሚረዳው ሁለተኛው ላይ ነው። የተያዘ ኢንዛይም ግን ሻይ ስለጠጣህ አይለቀቅም። እርሳሱ መውጣት አለበት። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይሄንን ነው።

ቀለም ፋቂው
ገብቶኛል። ታዲያ አይጦቹ እንዴት ተሻላቸው?

ቁጥር ወዳድ
አይጦቹን ተዋቸውና መጠኑን ላስላልህ። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች የተለመደው መጠን በኪሎ 200 ወይም 400 ሚሊግራም ኤክስትራክት ነው። የአይጥን መጠን በቀጥታ በሰው ኪሎ ማባዛት አይቻልም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2005 ባወጣው መመሪያ የትልቁ አይጥ (ራት) መጠን ለ6.2 ይካፈላል። 400 ለ6.2 ሲካፈል 64.5 ገደማ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 4.5 ግራም ይመጣል።

«ታዲያ ምን አላት» እንዳትል። ይሄ ቅጠል አይደለም፣ ደርቆ የተጣራ ኤክስትራክት ነው። 100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ሰጠ ብንል፣ በየቀኑ 45 ግራም ደረቅ ቅጠል ያስፈልግሃል። ደረቅ ቅጠል እንዴት ቀላል እንደሆነ ታውቃለህ፤ 45 ግራም ክምር ነው። በዚያ ላይ ጥናቱ ሜታኖል ወይም ኤታኖል ተጠቅሞ ከሆነ አንተ በውሃ ቀቅለህ የምታገኘው ሌላ ነገር ነው።

ሥራስር
ቁጥር ወዳድ ነገሩን አታክብደው። አባቶቻችን በሚሊግራም አልለኩም፣ ሰው ግን ይድን ነበር።

ማይክሮስኮፕ
ጋሼ፣ የአወጣጡ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ከተክል የሚወጣው የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒን ጥሩ ማሳያ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ያንን ተክል እንደተለመደው በሙቀት ሲያወጡት ውጤቱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ሲያወጡት ነው በትክክል የሠራው። ተክሉ ያው ተክል ነው፣ አንዱ መንገድ መድኃኒት ሆነ፣ ሌላው ሙቅ ውሃ። በ2015 ኖቤል ያስገኘላት ይሄ ሥራ ነው። ስለዚህ ዕፅዋት አይሠሩም የሚል ሰው እዚህ የለም። የቱ ክፍል፣ በምን ወጥቶ፣ በስንት መጠን ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ አይጦቹ። ቀለም ፋቂው፣ አይጦቹ የተሻላቸው ለምን እንደሆነ ሳስበው ሦስት ነገር ይታየኛል። ኤክስትራክቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከመርዙ በፊት ወይም ከመርዙ ጋር በአንድ ቀን ነው። እርሳሱም በአፍ፣ ቅጠሉም በአፍ። ቅጠል ውስጥ ያሉ ታኒንና ፋይቲክ አሲድ አንጀት ውስጥ እርሳስን ሊይዙት ይችላሉ። ከያዙት እርሳሱ ደም ውስጥ ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። ያኔ «ደሙን ጠበቀው» የሚባለው ነገር የሆነው ደም ውስጥ አይደለም፣ አንጀት ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ አቧራውን በአፍንጫህ ነው የምታስገባው፤ የተዋጠው ይያዝ ይሆናል፣ ሳንባ የገባውን ግን አንጀትህ ውስጥ ያለ ሻይ ምን ያደርገዋል?

ሌላው፣ ቅጠሉ ራሱ ምግብ ነው። ብረት፣ ካልሲየም፣ ፕሮቲን አለው። ታሞ መብላት የቀነሰ አይጥ ትንሽ ምግብ ቢጨመርለት ሄሞግሎቢኑ ይሻላል። ሦስተኛው ነው አንቲኦክሲዳንቱ። ጥናቱ እነዚህን ለይቶ ካላሳየ ሦስቱም አንድ ላይ ተደባልቀው ነው የምታነባቸው።

ተመራቂዋ
ኡፍ ይሄ የውይይት ክር ለኔ የተከፈተ ነው የሚመስለው። የመመረቂያ ጽሑፌ በትክክል በዚህ ላይ ነው። እርሳስ አሲቴት፣ አይጥ፣ የቅጠል ኤክስትራክት። ዕቅዴ ለአማካሪዬ ሊገባ ነው። ማይክሮስኮፕ ያልከውን ሳነብ ላብ አሰመጠኝ። ዲፒፒኤች የሚባለውን የአንቲኦክሲዳንት ምርመራ ሠርቼ በጣም ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ ግን።

ማይክሮስኮፕ
አይዞሽ፣ ዕቅድ ላይ መሆንሽ ነው ጥሩው። አይጦቹ ከሞቱ በኋላ ብትጠይቂ ነበር የሚያስለቅሰው።

ዲፒፒኤች ላይ ብዙ አትደገፊ። ሐምራዊ ፈሳሽ ነው፣ ኤሌክትሮን የሚሰጥ ነገር ስታገናኚው ወደ ቢጫ ይሄዳል። አለቀ። ደም የለበትም፣ አንጀት የለበትም፣ ጉበት የለበትም። ቀለም ያለው የትኛውም ቅጠል ማለት ይቻላል ያልፈዋል። ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ የሚደርሰው ፖሊፌኖል (የተክሉ አንቲኦክሲዳንት) ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮሞላር አይበልጥም፣ በጣም ትንሽ ነው፤ እሱም ጉበት ለውጦት፣ ሌላ ነገር ሆኖ። እርድን ውሰጂ። ዋናው ንጥረ ነገሩ ኩርኩሚን ብቻውን ሲዋጥ ደም ውስጥ የሚገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1998 የወጣው ታዋቂ ጥናት ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣውን ፒፐሪን ሲጨምሩበት በሰው ላይ 2,000 በመቶ ከፍ አለ ይላል፤ ሰው ይሄን ሰምቶ ይደሰታል፣ ግን ከምንም ተነስቶ 20 እጥፍ ቢጨምር ያው ትንሽ ነው። ፒፐሪን ደግሞ ጉበት መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድ ስለሚዘጋ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ እሱም አብሮ ይጨምራል።

እኔ ብሆን ዕቅድሽ ላይ እነዚህን እጨምራለሁ። ኤክስትራክት ብቻ የሚሰጠው ቡድን ይኑርሽ፣ እሱ ራሱ ደም እንደማይጎዳ ማሳየት አለብሽ። እርሳሱን አስቀድመሽ ሰጥተሽ፣ ካቆምሽ በኋላ ኤክስትራክት የምትጀምሪለት ቡድን ይኑር፤ መከላከልና ማከም ይለያያሉ። ሁለቱን በአፍ ከሆነ የምትሰጪው በሰዓት አራርቂያቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የደም እርሳስን ራሱን ለኪ! ስንት ጽሑፍ ሄሞግሎቢን፣ ነጭ የደም ሴል፣ ኤምዲኤ (የሴል ሽፋን ጉዳት መለኪያ) ደርድሮ እርሳሱን ሳይለካ ያልቃል። እርሳሱ ከቀነሰ የመግባቱ ወይም የመውጣቱ ጉዳይ ነው። እርሳሱ ባለበት ሆኖ ደሙ ከተሻለ፣ ያኔ ስለ አንቲኦክሲዳንት ማውራት ትችያለሽ። አላድንም ብትለኪ ሸጋ ነው፣ ውድ ምርመራ አይደለም። ኤክስትራክቱ ውስጥ ያለውን ዋና ንጥረ ነገርም መጠኑን አስቀምጪ፣ አለበለዚያ ሌላ ሰው ሥራሽን መድገም አይችልም። ቅጠል እንደ አፈሩና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ተመራቂዋ
ተባረክ። ፖዘቲቭ ኮንትሮል (መሥራቱ የታወቀ ማነጻጸሪያ) ምን ላድርግ?

ማይክሮስኮፕ
ሰክሲመር ካገኘሽ እሱን። ለእርሳስ የሚሰጠው እውነተኛው መድኃኒት ነው። ቫይታሚን ሲ ብቻ አስቀምጠሽ «ከቫይታሚን ሲ እኩል ሠራ» ብትይ ገምጋሚ ይስቅብሻል።

ሌሊት ተረኛ
ነርስ ነኝ። ላብራቶሪውን ለእናንተ ትቼ ከተረኛ ክፍል የማውቀውን ልጨምር። «ብክለት» ተብሎ በአንድ ቃል መጠራቱ ነው የሚያናድደኝ። ደምን የሚጎዳው ነገር አንድ አይደለም፣ መፍትሔውም አንድ አይደለም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ጠንክሮ ነው። እዚህ ቅጠል ምንም ቦታ የለውም። ሰውየውን ከቦታው ማውጣት፣ ኦክስጅን ማድረግ። በተራ አየር ግማሹ እስኪለቅ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በንጹህ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ራሱን ለሳተ ሰው ሻይ የሚያፈላ ዘመድ አይቻለሁ፣ ሌላ አልናገርም።

ናይትሬት ሌላ ነው። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሲበዛ ሕፃናት ላይ ሄሞግሎቢኑን ወደ ሜትሄሞግሎቢን ይለውጠዋል፣ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ልጁ ይጠቁራል። ከ1945 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። ውሃውን ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይከማቻል። ስለዚህ በዚያ ውሃ ቅጠል ቀቅሎ ለልጅ መስጠት ነገሩን ማባባስ ነው።

ቤንዚንም አለ። ኬሚካሉን ማለቴ ነው፣ መኪናው የሚሞላውን አይደለም፤ እዚያም ውስጥ ግን አለ። እሱ የሚመታው መቅኔን ነው። ጉበት ይለውጠዋል፣ የተለወጠው መቅኔ ሲደርስ ይብስበታል። ነጭ የደም ሴልም፣ ፕላትሌትም፣ ቀዩም አብረው ይወርዳሉ። ከረጅም ጊዜ በኋላ የደም ካንሰር ያመጣል። ቀለም ፋቂው፣ የምትጠቀምበት ቲነር ውስጥ ቤንዚን መኖር አለመኖሩን ጽሑፉ ላይ እይ።

ሥራስር
ሲስተር የተናገርሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን እናንተ ልጆች ዕፅዋቱን ጠቅልላችሁ ልትጥሉት ነው። እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም።

ነጭ ሽንኩርትን ውሰዱ። በ2012 የታተመ ጥናት አለ፣ በኢራን፣ የመኪና ባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ። 117 ሰዎች። አይጥ አይደሉም! ግማሹ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሹ ፔኒሲላሚን የሚባለውን መድኃኒት ለ4 ሳምንት ወሰደ። የነጭ ሽንኩርቱ ቡድን የደም እርሳስ ከ42 ወደ 35 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ገደማ ወረደ፣ መድኃኒቱም ከዚያ የተለየ አላወረደም። የጎንዮሽ ጉዳቱ ደግሞ የነጭ ሽንኩርቱ አነሰ።

ሌላም። በቻይና ቺዶንግ፣ አየሩ በተበከለበት አካባቢ፣ 291 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ግማሾቹ ገደማ ለ12 ሳምንት ከብሮኮሊ ቡቃያ የተሠራ መጠጥ ጠጡ። በሽንታቸው የወጣው የቤንዚን ዝቃጭ ካልጠጡት በ61 በመቶ በለጠ። ይሄስ?

ማይክሮስኮፕ
ጋሼ፣ አሁን ነው ጨዋታው የደመቀው። ሁለቱም ጥሩ ማስረጃ ናቸው። በተለይ ብሮኮሊው። በዚህ ርዕስ ላይ ካነበብኩት ሁሉ የምወደው እሱን ነው፤ ምክንያቱም ሰልፎራፌን የሚባለው ንጥረ ነገር ራሱ ፍሪ ራዲካል አይዋጋም። ሴል ውስጥ ገብቶ ኤንአርኤፍ2 የሚባለውን መቀስቀሻ ይነካል፣ ሰውነት የራሱን ማጽጃ ኢንዛይሞች ያበዛል፣ ኢንዛይሞቹ የቤንዚኑን ዝቃጭ ከግሉታታዮን ጋር አስረው በሽንት ያስወጣሉ። ውጤቱም በሰው ላይ የታየ ነው።

ግን ገደቡንም እንናገር። የተለካው በሽንት የወጣው ነው። መቅኔው ተጠበቀ አልተባለም፣ የደም ካንሰር ቀነሰ አልተባለም። የዕለት አየር ውስጥ ያለ ትንሽ ቤንዚን እንጂ የፋብሪካ ወይም የቲነር መጠን አይደለም። እና አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ስለሌለው ኤንአርኤፍ2 የሚቀሰቅሰው ዘረመል የለውም። ሰልፎራፌን ቢረዳ የሚረዳው ጉበትንና መቅኔ ውስጥ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን ሴሎች ነው፤ ደም ውስጥ የሚዞሩትን አይደለም።

የነጭ ሽንኩርቱ ጥናት ደግሞ ምንም ያልተሰጠው ቡድን አልነበረውም። በዚያ ላይ ደም ውስጥ ያለ እርሳስ መግባቱ ከቆመ በአንድ ወር አካባቢ ራሱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰዎቹ በጥናቱ ምክንያት ትንሽ ተጠንቅቀው ሠርተው ከሆነ የተወሰነው መውረድ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ይደገም ብዬ ነው የምመኘው። አልሠራም አላልኩም።

ቁጥር ወዳድ
35 ራሱ ከፍተኛ ነው እኮ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር የደረሰ ማንኛውም ሰው እርሳሱ ከየት እንደመጣ ይፈለግለት ይላል። ከ42 ወደ 35 ወርዶ እዚያው አቧራ ውስጥ መዋል ምን ዋጋ አለው?

ሥራስር
ከምንም ይሻላል።

እናት ነኝ
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ባለቤቴ ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን። ለልጆቹ የእርድ ዱቄት በወተት ብሰጣቸው ይከላከልላቸዋል? ካፕሱሉም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሌሊት ተረኛ
እህቴ፣ ቆይ። መጀመሪያ ስለ እርዱ። በባንግላዴሽ የእርድ ዱቄት ቢጫው ደመቅ እንዲል ሊድ ክሮሜት የሚባል ቀለም ይጨመርበት ነበር። ሊድ ማለት እርሳሱ ራሱ ነው። በ2019 ከገበያ ከተወሰደው ናሙና 47 በመቶው እርሳስ ተገኘበት። ከቁጥጥር በኋላ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል፣ ደስ ይላል። ግን አስቢው፣ ሰው ከእርሳስ ይጠብቀኛል ብሎ የሚጠጣው ዱቄት ራሱ እርሳስ ሲሆን።

ካፕሱልም ከዚህ አያመልጥም። በ2004 በወጣ ጥናት፣ በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ምርቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። የት እንደተሠራ፣ ማን እንደመረመረው ያልታወቀ ዱቄት ለልጅ አትስጪ።

አሁን ዋናው። ልጆቹ ጋ እርሳሱ የሚደርሰው በአባታቸው ልብስ፣ ጫማና ፀጉር ነው። ልብሱን ሥራ ቦታ ይቀይር፣ ለብቻው ይታጠብ፣ ልጆቹን ከማቀፉ በፊት ሰውነቱን ይታጠብ። ወለሉን በደረቁ አትጥረጊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውይ። ልጆቹን የደም እርሳስ አስመርምሪያቸው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲዲሲ ለልጆች የሚጠቀምበት መነሻ 3.5 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነው፣ 45 ሲደርስ ነው የማስወጫ መድኃኒት የሚታሰበው። በመሃል ያለው ሁሉ ምንጩን በማጥፋትና በምግብ ነው የሚሠራው። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስ አብልጦ ይስባል፤ አንጀት እርሳሱን የሚያስገባው ብረት በሚገባበት በር ነው። ደም ማነስ ካለባቸው እሱን ማከም ከየትኛውም ካፕሱል ይበልጣል።

ጋሼ ሥራስር፣ በባዶ ሆድ ይጠጣ ያሉትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ባዶ ሆድ ላይ የተዋጠ እርሳስ ከምግብ ጋር ከተዋጠው እጅግ አብልጦ ይገባል። ቀለም ፋቂው ቁርሱን በልቶ ነው ሥራ መግባት ያለበት።

እናት ነኝ
እግዜር ይስጥሽ ሲስተር። ልብሱን እኔው ነኝ ከልጆቹ ልብስ ጋር የማጥበው።

ሌሊት ተረኛ
ከዛሬ ጀምሮ ለይው።

ዝምተኛው
ብዙ አልጽፍም ግን «ተፈጥሮ አይጎዳም» ለሚለው አንድ ነገር። እኔ የጂ6ፒዲ እጥረት አለብኝ። ባቄላ ስበላ ቀይ የደም ሴሎቼ ይፈርሳሉ። ባቄላ ተክል ነው፣ ያውም ምግብ። ዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን ሰው እንደኔ ነው፣ አብዛኛው አያውቀውም። ማንም ሰው «ለደም ጥሩ ነው» ያለኝን ኤክስትራክት ከመቅመሴ በፊት ሁለቴ ነው የማስበው።

ማይክሮስኮፕ
ዝምተኛው በአንድ አንቀጽ የኔን ሦስት ቀንሶልኛል። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄንን ነው። ባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን ሰውነት ውስጥ ተለውጠው ግሉታታዮንን ይጨርሱታል፣ ጂ6ፒዲ የሌለው ሴል መልሶ መሙላት ስለማይችል ይፈርሳል። ፖሊፌኖል ሲበዛም ከአንቲኦክሲዳንትነት ወደ ተቃራኒው ሊዞር ይችላል፤ በተለይ ብረት ባለበት። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች ላይ የተሠራው ትልቁ ሙከራ በ1994 ሲወጣ ቤታ ካሮቲን የሚባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦባቸው ነበር። ሁሉም የጠበቀው መቀነሱን ነበር። አጫሾች ማለት ደግሞ በየቀኑ ብክለት የሚስቡ ሰዎች ናቸው።

ታኒን የበዛበት ቅጠልም ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት ይይዛል። ደም ላነሰው ሰው ደሙን ለማዳን ብሎ ብረቱን መንጠቅ ነው።

ሥራስር
እሺ፣ ባቄላውን ተቀበልኩ። ሐኪሞቹም ግን ዕፅዋትን ሲፈልጉ ይጠቀማሉ። ገዳይ እንጉዳይ ለበላ ሰው አውሮፓ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጡት ሲሊቢኒን ከእሾህ ተክል ነው የሚወጣው። ጉበትን ከመርዝ ይከላከላል። ይሄን አትክዱኝም።

ማይክሮስኮፕ
አንክድም ጋሼ፣ እሱ እንዲያውም ትክክለኛው መንገድ ነው። ንጥረ ነገሩ ታውቋል፣ መጠኑ ታውቋል፣ በደም ሥር ነው የሚሰጠው፣ መርዙ ወደ ጉበት ሴል የሚገባበትን በር እንደሚዘጋም ታይቷል። ለእርሳስና ለደም እንዲህ ያለ ነገር ከቅጠል ሲገኝ እዚሁ ክር ላይ የመጀመሪያውን ፉጨት እኔ ነኝ የማሰማው።

ተመራቂዋ
ከሰልፍ ጀርባ ሆኜ እየሰማሁ ነው። ዕቅዴን ቀይሬ የደም እርሳስንና አላድን አስገብቻለሁ። ቡድኖቹ ስለበዙ አማካሪዬ ጮኸብኝ፣ ግን ፈረመ።

ቀለም ፋቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅጠሉን አልጣልኩትም፣ እንደ ምግብ እበላዋለሁ። የቻልኩትን ያህል ግን ከአቧራው ልጀምር። በእርጥቡ መፋቅ፣ ልብስ መቀየር። የምሸፍነው የሐኪም ማስክ ነበር፣ እሱ ይበቃል?

ሌሊት ተረኛ
አይበቃም። የሐኪሙ ማስክ በጎን ያስገባል። ለአቧራው ፊት ላይ ጥብቅ የሚል፣ ፒ100 ወይም ፒ3 የሚባል ማጣሪያ ያለው ያስፈልግሃል። ለቲነሩ ደግሞ የከሰል ማጣሪያ ያለው፣ የአቧራው ማጣሪያ የኬሚካል ትነት አያስቀርም። ጢም ካለህ አይገጥምም። ቀለሙን በእሳት ወይም በጋለ አየር እየለበለቡ መላጥም ተው፣ እርሳሱ ራሱ ወደ ጭስ ይቀየራል።

ቀለም ፋቂው
ጢሜን! እሺ። ምርመራውስ ምን ብዬ ልጠይቅ? ባለፈው ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ተሠርቶልኝ «ደህና ነህ» ተባልኩ።

ሌሊት ተረኛ
ሲቢሲ ደህና ቢሆን እርሳስ የለም ማለት አይደለም፤ ደም ማነሱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። «የደም እርሳስ መጠን» ብለህ በስሙ ጠይቅ። ከሙሉ ደም ነው የሚለካው፣ ከተጣራው ፈሳሽ አይደለም፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ሴሉ ውስጥ ነው። ሲቢሲውንም አብረህ አሠራው፣ ለቲነሩ ስንል ነጩንና ፕላትሌቱን እናያለን። አጥንት ውስጥ የተቀመጠው እርሳስ ለዓመታት ቀስ እያለ ስለሚወጣ አንዴ ለክቶ መተው የለም፣ ከወራት በኋላ ይደገማል። እና ከጣት ሳይሆን ከክንድ የደም ሥር ይውሰዱልህ፤ ጣትህ ላይ የቀረ የቀለም አቧራ ካለ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

ቀለም ፋቂው
ከክንድ፣ በሙሉ ደም። ያዝኩት። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።